በቃል ያለ ይረሳል

የቡድን ሥራ ማስረከቢያ ቀን በደረሰ ቁጥር ከየላቦራቶሪው አንድ ቃል ይሰማል፤ «በእኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል» የሚል። ይህ ቃል እንደ መልስ መቆጠሩ ይብቃ እንላለን።

ባለፈው መንፈቅ ዓመት የደረሰብንን እናስታውስ። አምስት ሆነን የቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም በፓይተን ስንሠራ፣ መዝገቡን የሚያጣራውን ክፍል አንዱ ባልደረባችን በጁፒተር ኖትቡክ ሌሊቱን ሙሉ እየሞከረ ጨረሰው። ውጤቱን አይተን አጨበጨብን። በማግስቱ መብራት ጠፋ፤ ባትሪው ያረጀበት ላፕቶፕም አብሮ ጠፋ። ዳግመኛ ከፍተን ኖትቡኩን ከላይ እስከ ታች ብናስኬደው እምቢ አለ። ለካስ ሌላው ሁሉ የተደገፈበትን ፈንክሽን ባልደረባችን ከገጹ ሰርዞት ኖሯል፤ ፈንክሽኑ እስከዚያች ሰዓት የኖረው በኮምፒውተሩ ሚሞሪ ውስጥ ብቻ ነበር። እኛ አራታችን ያላየነውን፣ እሱም የረሳውን ማን ይመልሰው?

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ጥፋቱ የቋንቋው ነው፤ መስመር ጽፎ ወዲያው መልስ መቀበል የልጅ ጨዋታ ነው» ይሉናል። አንቀበላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1958 ከተጀመረው ሊስፕ አንሥቶ በ1991 ለሕዝብ እስከወጣው ፓይተን ድረስ፣ ከኮምፒውተር ጋር በምልልስ መሥራት ብዙ ድካም አቃልሏል። የማናውቀውን መሣሪያ በአንድ መስመር እንጠይቀዋለን፤ ስሕተታችንን እዚያው እናያለን። ጥፋቱ ምልልሱን ራሱን እንደ ተፈጸመ ሥራ መቁጠራችን ነው። ምልልስ የአንድ ሰው ነው፤ ሥራው ግን የአምስት ሰው ነው።

ስለዚህ ተሞክሮ የተሳካው ሁሉ በዚያው ቀን ስም ያለው ፈንክሽን ሆኖ በፋይል ይጻፍ፤ ኖትቡኩም ከዚያ ፋይል ይጥራው። ፋይሉ ሲታረም አስቀድሞ የተከፈተው ምልልስ አሮጌውን ይዞ ስለሚቀጥል፣ ለጓደኛ ከማስተላለፍ በፊት ሁሉም ተዘግቶ ከመጀመሪያው ይሂድ። የጠየቅነው ጥያቄና ያገኘነው መልስም አይጣል፤ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዶክቴስት ያንኑ ምልልስ እንዳለ ወስዶ በየጊዜው ይፈትሽልናል። ማታ ማታም ሥራው ወደ ቡድኑ የጊት ማኅደር ይግባ።

«ማስረከቢያው ደርሶ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የት አለ?» የሚሉ አሉ። እኛ የጠፋውን እንደገና ለመሥራት ሁለት ሌሊት ፈጀን። ያ ጊዜ ከየት መጣ?

ነገሩ የጊዜ ብቻ አይደለም፤ የፍትሕም ነው። ሥራው በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ ሲቀር ያ ሰው ባለርስት፣ የቀረነው ጭሰኞች እንሆናለን። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ በላቦራቶሪው ሰዓት መጥቶ የሚነካው ነገር አያገኝም፤ በመጨረሻም «አልሠራም» ይባላል። ማርኩ ግን የጋራ ነው።

የተከበራችሁ መምህራን ሆይ! የምናሳያችሁን ብቻ አይታችሁ ማርክ አትስጡን። ሥራችንን ከማኅደሩ አውርዳችሁ በሌላ ኮምፒውተር ላይ አስኪዱት፤ ካልሄደ አልተሠራም በሉን። እናንተም ተማሪዎች፣ ይህ ፍርድ ከመምጣቱ በፊት እርስ በርሳችን እንፈታተሽ። በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። እኛም የምንወርሰውንና የምናወርሰውን እንጻፍ!