ቤታችን አሸንዳ ያስፈልገዋልን?

ሰኔ ሲቃረብ በላሊበላ ቤቱን ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው «አሸንዳ ልግጠም ወይስ ልተው?» እያለ ያስባል። አሸንዳ ማለታችንም ልጃገረዶቻችን ከፍልሰታ ጾም በኋላ የሚጫወቱትን አሸንድዬን ሳይሆን፥ የጣራውን ውሃ ተቀብሎ የሚያወርደውን ነው።

አባቶቻችን በላስታ ክብ የድንጋይ ቤት ሠርተው ሣር ሲከድኑ አሸንዳ አላሻቸውም፤ ሣሩ ዝናቡን ቀስ አድርጎ በቤቱ ዙሪያ ያንጠባጥበዋልና። ቆርቆሮ ግን የተቀበለውን ሁሉ ወዲያው ያወርደዋል። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 6 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 960 ሊትር ውሃ ይሆናል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ለመወሰን ዝናቡ እንዳባራ ወጥቶ ማየት ይበቃል። ከጣራው ጠርዝ ሥር መሬቱ ተቦርቡሮ፥ ግድግዳው በጭቃ ተረጭቶ፥ ወይም ውሃው ወደ መሠረቱ ተመልሶ ቢገኝ አሸንዳ ያስፈልጋል፤ ይልቁንም ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ከሆነ አይዘግይ። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ራቅ ያለ፥ መሬቱም ጭንጫና ወደ ውጭ ያዘቀዘቀ ከሆነ ግን፥ ከሥሩ ድንጋይ ማንጠፍና ቦይ መቅደድ ይበቃል።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «ውሃው ወዴት ይሄዳል?» የሚለው ነው። እኔ አሸንዳ ባስገጠምሁበት ዓመት መውረጃውን በቤቴ ማዕዘን ላይ ትቼው ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት ውሃው ቁልቁል ወርዶ ከበታቼ የሚኖሩትን የአንዲት እናት ቤት ገባና ለክረምት ያኖሩትን ገብስ አበሰበሰው። እሳቸው ክፉ ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን አፈርሁ። ገብሱን ተካሁ፤ ከመውረጃው ሥር በርሜል አኑሬ፥ የሚተርፈውንም እስከ መፋሰሻው ድረስ በቦይ መራሁት።

ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት የፈለፈሉት ጠራቢዎች ይህን ዐውቀው የውሃ መሄጃውን ቦይ አብረው ጠርበዋል። ቦዮቹ ግን እስከ 20ኛው መቶ ዓመት ድረስ ለብዙ ዘመን በአፈር ተደፍነው ስለ ኖሩ ውሃው ሕንፃዎቹን ክፉኛ ጎዳቸው። ለዐለት ያልራራ ውሃ ለጭቃ አይራራም። ስለዚህ አሸንዳ ያለን ሁሉ በግንቦት ቅጠሉንና አፈሩን እንጥረግ፤ ልንገጥም የምናስብም ከቆርቆሮው ዋጋ አስቀድመን ከእኛ በታች ያለውን ደጅ እንመልከት።