ስለ ይፋግ ወይንና ስለ ቀይ የወይን ጠጅ አያያዝ

ከጣና ባሕር በስተሰሜን ምሥራቅ፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ይፋግ በቀድሞ ዘመን በገበያዋና በወይኗ ስሟ የተጠራ አገር ነበረች። በ1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ፥ በዚያው አቅራቢያ በደሪጣ የወይን ጠጅ እንደሚጠመቅ በመጽሐፉ ጽፏል። ዛሬ ግን የወይን ጠጅ በገበታችን ሲቀርብ፥ ይፋግን የሚያስታውሳት ጥቂት ነው።

ደጋ አገር ለቀይ ወይን የሚሰጠው ጥቅም ሁለት ነው። ቀን ፀሐዩ ይበረታልና የፍሬው ልጣጭ ይወፍራል፤ ቀለሙና ምላስን የሚይዘው ኃይል የሚገኘው ከዚሁ ልጣጭ ነው። ሌሊት ብርዱ ይመጣልና የፍሬው ኮምጣጣነት ሳይጠፋ ይቀራል። ጠጁን ዓመታት የሚያቆዩት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሻካራነቱም እየቆየ ይለዝባል። በአርጀንቲና፥ ሳልታ በተባለው አውራጃ፥ ከ3,000 ሜትር በላይ የተተከለ ወይን አለ። የጣና ባሕር ወለል ራሱ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አለውና ይፋግም ከዚህ ዕድል አልራቀችም።

ወይኗ የጠፋው ምድሯ ስለ ከዳችው አይደለም፤ በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ገደማ በሽታ ገብቶ ተክሉን ፈጀው። በዚያው ዘመን በአውሮፓም ነጭ ዱቄት የሚመስል የወይን ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ1845 በእንግሊዝ አገር ታይቶ፥ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ አዝመራውን አጥፍቶ ነበር። ፈረንሳዮች የድኝ ዱቄት መነስነስን ተምረው ተክላቸውን አዳኑ፤ ለይፋግ ባላገር ግን እንዲህ ያለ መድኃኒት አልደረሰለትም።

ምድራችን ወይን እንደማትነፍግ በኋላ ዘመንም ታይቷል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በዝዋይ አጠገብ ሜርሎ፥ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን የተባሉትን ቀይ ወይኖች ተክሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ጠጁን ለገበያ አቅርቧል።

በግቢው ወይን ሊተክል የሚወድ ሰው ውሃ የማይቋጥር፥ ፀሐይ የሚያገኝ መሬት ይምረጥ። አገራችን ተክሉን የሚያስተኛ በረዶ የላትምና ፍሬው የሚደርስበትን ወራት የሚወስነው መግረዝ ነው፤ ስለዚህ ፍሬው ክረምት ሳይገባ በበጋ እንዲበስል አስልቶ ይግረዝ። ቅጠሉ ዱቄት የነካው መስሎ በታየ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ድኝ ይነስንስበት።

ጠጁን በቤት ለሚያኖሩ እመቤቶችም ይህን እናሳስባለን። ቀይ ጠጅ ሁሉ ለመቆየት የተሠራ አይደለምና ሲገዙ ይጠይቁ። የሚቆየውን ጠርሙስ፥ ቡሹ እንዳይደርቅ አጋድመው፥ ከምድጃ በራቀ ጨለማና ቀዝቃዛ ጓዳ ያኑሩት። ለእንግዳ በሚቀርብበት ቀን አስቀድመው ያቁሙት፤ አተላውም ከታች እንዲቀር ቀስ ብለው ይቅዱት። ከበሬ ሥጋ ጥብስ ጋር እጅግ ይስማማል።

በይፋግና በአካባቢዋ ቤተ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎቻችን፥ ከእርሻ ባለሟያ ጋር ተማክራችሁ ጥቂት ሐረግ ብታስተክሉ መልካም ነው። የወይን ተክል በሦስተኛው ዓመት ገደማ ፍሬ ይሰጣል፤ ያን ጊዜ የቀድሞው ዝና ሊመለስ ይችል እንደ ሆነ ፍሬው ራሱ ይነግረናል።