ከልጅ መደበቂያ የሆነ ቋንቋ

አንድ ቋንቋ ሊሞት ሲል ምልክቱ መጀመሪያ የሚታየው በእራት ሰዓት ነው። ባልና ሚስት ስለ ብድር ዕዳ ወይም ስለ ዘመድ ሕመም ሊያወሩ ፈልገዋል። ልጆቹ እንዲሰሙ አይፈልጉም። ድምፃቸውን አይቀንሱም፣ ተነሥተው ወደ ጓዳም አይገቡም። በጋሞትሶ ያወራሉ። ልጆቹ እዚያው አጠገባቸው ተቀምጠው ይበላሉ፤ አንድም ነገር አይገባቸውም።

ይህ ቤት ሴቻ አለ፣ ሲቀላ አለ፣ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ አለ፣ ሀዋሳም አለ። ይህን ከሚያነቡት መካከል "የእኔ ቤት ነው" የሚል እንደማይጠፋ እርግጠኛ ነኝ።

ልጅ እንዳይሰማ የሚነገርበት ቋንቋ የቀረው ዕድሜ የወላጆቹ ዕድሜ ነው። እነሱ ሲያልፉ ምስጢሩም ቋንቋውም አንድ ላይ ይቀበራል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው፤ የሚከፋው ቢኖርም እጽፋለሁ።

ስለ ጋሞትሶ ሲነሣ ሁላችንም የምንሮጠው ወደ ትናንት ነው። ትናንት በደል አልነበረም አልልም፤ ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚስዮኖች ድንጋጌ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆን ደነገገ። አባቶቻችን ትምህርት ቤት ሲገቡ የእናታቸውን ቋንቋ በር ላይ ጥለው ገቡ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ተካሄደ፤ ወላይትኛ፣ ሀዲይኛ፣ ከምባትኛ፣ ሲዳምኛና ጌዴኦኛ ሲካተቱ ጋሞኛ አልተካተተም። ከዚያ ደግሞ "ዎጋጎዳ" መጣ። የወላይታ፣ የጋሞ፣ የጎፋና የዳውሮ ስም መጀመሪያው እየተቆረጠ ተሰፍቶ፣ ማንም በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ለመማሪያ መጽሐፍ ተበጀ። በ1992 ዓ.ም. ወላይታ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሣ፣ ደም ፈሰሰ፣ መጽሐፉም ተሰበሰበ።

የአዲስ አበባውንም አንርሳ። ጥበብ የሚሸምኑልን እጆች "ዶርዜ" እየተባሉ ተሰደቡ። የአንድ አካባቢ ሕዝብ የከበረ ስም ለጋሞ ሁሉ ስድብ ሆነ። ስንት ሸማኔ አባት ልጁ በሰፈር እንዳይሰደብበት ብሎ አንደበቱን ዘጋ! ያ አባት ይቅር ይባላል። ልጁን ከስድብ እየጠበቀ ነበር።

እኛ ግን ዛሬ ከምን እየጠበቅናቸው ነው?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 39 ማንኛውም ብሔር ብሔረሰብና ሕዝብ በቋንቋው የመናገር፣ የመጻፍና ቋንቋውን የማሳደግ መብት አለው ይላል። አንቀጽ 5 ሁሉም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዳላቸው ይደነግጋል። ጋሞ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የራሱ ዞን አለው። ቋንቋው የትምህርት ቋንቋ ሆኗል። ሪቻርድ ሄይዋርድና እሸቱ ጫቦ ያዘጋጁት የጋሞኛ፣ የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ2014 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ታትሟል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 1.1 ሚሊዮን ያህል ጋሞ ተመዝግቧል። ታዲያ በሴቻው ሳሎን ውስጥ ጋሞትሶን የከለከለው ማን ነው? ፖሊስ ነው? ሚኒስትር ነው? ሳሎኑ ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ ነን።

"ኧረ አታጋንን፣ ሚሊዮን ሰው የሚናገረው ቋንቋ እንዴት ይሞታል?" የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ጨንቻ፣ ቦንኬና ካምባ ደጋ ላይ ሕፃናቱ ዛሬም የሚያለቅሱትም የሚስቁትም በጋሞትሶ ነው። ነገር ግን የደጋው ልጅ ነገ ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ከተማ ነው። መሬቱ ጠቧል። ሲመጣ የሚያየው እኛን ነው፤ የተማርነውን፣ ደመወዝተኞቹን፣ ባለ መኪናዎቹን። እኛ ለልጆቻችን በጋሞትሶ ስናፍር ካየ፣ ጋሞትሶ የድህነት ቋንቋ ነው ብሎ ይደመድማል። እሱም በተራው ልጅ ሲወልድ በጋሞትሶ አያናግረውም።

ደግሞም የቋንቋን ሞት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጎጃም ውስጥ በአባይ አካባቢ ጋፋትኛ የሚባል ቋንቋ ነበር። ቮልፍ ሌስላው የተባለው የሴም ቋንቋዎች ተመራማሪ በ1947 እ.ኤ.አ. ሄዶ ሲፈልግ በብዙ ድካም ያገኘው አራት ተናጋሪ ብቻ ነው። ሕዝቡ በጦር አላለቀም፤ ልጆቹ በሌላ ቋንቋ አደጉ፣ በቃ። ከእኛ በስተደቡብ በወይጦ ሸለቆ ደግሞ ኦንጎታዎች አሉ። ልጆቻቸው የጎረቤታቸውን የጸማይን ቋንቋ ይናገራሉ፤ ኦንጎታኛ በጥቂት ሽማግሌዎች አፍ ላይ ቀርቷል። በሁለቱም ቦታ ቋንቋው የሞተው አንድ ቀን አይደለም። ወላጅ ከልጁ ጋር ማውራት ያቆመ ዕለት ነው ሞቱ የጀመረው፤ የቀረው መቁጠር ብቻ ነበር።

አሁን ወደ በዓሉ ልምጣ። ዮ ማስቃላ ሲደርስ አርባ ምንጭ ታምራለች። ዱንጉዛ ያልለበሰ የለም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር ደምቀው ፎቶ ይነሣሉ፣ ፎቶው ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ "ማንነታችን" ተብሎ ይጻፍበታል። ደስ ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። ነገር ግን ያ ዱንጉዛ የለበሰ ልጅ አያቱ ሲመርቁት "ምን አሉኝ?" ብሎ እናቱን በአማርኛ ይጠይቃል። ምርቃቱን የሚቀበለው በአስተርጓሚ ነው! ልብስ ይወልቃል። በዓል ያልፋል። ሰኞ ጠዋት የሚቀረው አፍ ላይ ያለው ነው።

ቋንቋው ቢጠፋ ምን እናጣለን? ለዚህ የመስከረም 2011ን አርባ ምንጭ አስታውሱ። ቡራዩ ላይ ወገኖቻችን ተገድለው ሐዘኑ ሲደርስ ወጣቱ ለበቀል ተነሣ። የጋሞ አባቶች እርጥብ ሳር በእጃቸው ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱ ቆመ። አገር ጉድ አለ፣ ዓለምም ሰማ። ሁላችንም ኮራን።

ግን ለምን ቆመ ብላችሁ ጠይቃችኋል? ሳር ተኩስ አያቆምም። ወጣቱ የቆመው የሳሩንና የመንበርከኩን ትርጉም ስለሚያውቅ ነው። የአባቶችን ልመና ረግጦ ማለፍ ምን እንደሚያመጣ ስለተነገረው ነው። የተነገረው ደግሞ በትምህርት ቤት አይደለም፤ በአያቱ እሳት ዳር ነው። ዱቡሻ "ስብሰባ" ብቻ ቢሆን ኖሮ የቀበሌ አዳራሽ በበቃን ነበር። ዎጋ "ሕግ" ብቻ አይደለም። ጎሜን "ኃጢአት" ብላችሁ ብትተረጉሙት ግማሹ ይቀራል፤ ጎሜ የአንድ ሰው ጥፋት በቤቱ፣ በእርሻው፣ በአገሩ ላይ የሚያመጣው መዘዝ ጭምር ነው። እነዚህን ቃላት የማያውቅ ትውልድ ነገ አባቶች ቢንበረከኩለት ምን ያያል? መንገድ የዘጉ ሽማግሌዎች ያያል።

አሁን ለሚነሡት ጥያቄዎች መልስ ልስጥ።

"ልጄ በጋሞትሶ ሥራ አያገኝም፤ እንግሊዝኛ ነው የሚበጀው" ትላላችሁ። እንግሊዝኛውን ማን ከለከለ? አማርኛውንስ ማን ጠላ? የልጅ አእምሮ አንድ ጆንያ አይደለም፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚፈስስ። አርባ ምንጭ ገበያ ላይ ሦስትና አራት ቋንቋ እየቀያየረች የምትሸጥ፣ ደጅ ያልተማረች እናት ሞልታለች። እሷ የቻለችውን የእናንተ ልጅ ያቅተዋል? ዩኔስኮም ገና በ1953 እ.ኤ.አ. ልጅ ትምህርት ቢጀምር የሚሻለው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው ብሏል።

"ይህ የዘር ፖለቲካ ነው" ለሚሉም መልስ አለኝ። ለልጅህ በአያቱ ቋንቋ ተረት መንገር የማንንም መሬት አይነካም። ይልቅ ቋንቋን ፖለቲከኛ ብቻ ሲይዘው ምን እንደሚሆን በዎጋጎዳ አይተናል። እናት ስትይዘው ግን ሰላም ነው።

"አርባ ምንጭ የሁሉም ከተማ ናት" ይባላል። ናት! ዘይሴው፣ ወላይታው፣ ጎፋው፣ ኮንሶው፣ አማራው፣ ጉራጌው ቤቱ ነው። ማንም በጋሞትሶ እንዲናገር አላስገድድም፤ የማናግረው የጋሞ ወላጆችን ነው። ደግሞም ለራሳችን የምንጠይቀውን ለሌላው እንስጥ። በቅርባችን ዘይሴኛ አለ። ቀድሞ በጫሞ ደሴት ይኖሩ የነበሩት ጋንጁሌዎች አሉ። በአባያው ጊዲቾ ደሴት ባይሶዎች አሉ። ቁጥራቸው ከእኛ እጅግ ያነሰ ነው። ለእነሱ ትልቁ ቋንቋ አማርኛ ብቻ አይደለም፤ ጋሞትሶም ነው። ስለ ጋሞትሶ እያለቀስን የዘይሴን ልጅ "በጋሞትሶ ተናገር" ብንለው ልቅሷችን ውሸት ነው።

"አንተስ ለምን በአማርኛ ትጽፋለህ?" ይህም ይመጣል። አማርኛ የጋራ መግባቢያችን ነው፣ ከእሱም ጋር ጠብ የለኝም። ይህ መልእክት የተጻፈላቸው ወላጆች ደግሞ የሚያነቡት በአማርኛ ነው። ጋሞትሶ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ብዙው ጎልማሳ ቋንቋውን እየተናገረ የልጁን መጽሐፍ ማንበብ ይቸግረዋል። ስለ ፊደሉ መከራከር ይቻላል። ነገር ግን ለመናገር ፊደል አያስፈልግም፤ ስለዚህ ፊደሉን ሰበብ አናድርገው።

"ትምህርት ቤት ያስተምራቸዋል" የምትሉ አየርላንድን ተመልከቱ። በ1937 እ.ኤ.አ. ሕገ መንግሥቷ አይሪሽ ቀዳሚው ይፋዊ ቋንቋ ነው። ልጆች ሁሉ በትምህርት ቤት ይማሩታል። መንግሥት አለው፣ በጀት አለው፣ ቴሌቪዥን አለው። በ2022ቱ ቆጠራ ግን ከአምስት ሚሊዮን ሕዝብ መካከል ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ እናገረዋለሁ ያለው 72 ሺህ ሰው ገደማ ነው። ቤት የተወውን ትምህርት ቤት አያነሣውም።

በአንጻሩ የኒውዚላንድ ማኦሪዎችን እዩ። ቋንቋቸው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ እየቀረ መሆኑን ሲያዩ በ1982 እ.ኤ.አ. "ኮሃንጋ ሬዮ" ያሉትን ጀመሩ፤ የቋንቋ ጎጆ ማለት ነው። አያቶች ትምህርት ቤት ያልገቡ ሕፃናትን ሰብስበው ቀኑን ሙሉ በቋንቋቸው እያጫወቱ ያውላሉ። መምህሩ አያት ነው፣ መጽሐፉ ምላስ ነው። እኛ አያት አጥተናል?

ስለዚህ ምን እናድርግ? ኮሚቴ አልጠይቅም፣ በጀትም አልጠይቅም።

አንደኛ፣ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ከዛሬ ጀምሮ ልጁን በጋሞትሶ ብቻ አናግሩት። በአማርኛ ቢመልስም አታቋርጡ፣ አትሳቁበትም። ተሳስቶ ሲናገር የሳቃችሁበት ልጅ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም።

ሁለተኛ፣ ክረምት ሲመጣ ልጁን ወደ ደጋ ላኩት። አያቱ ጋ ሁለት ወር ቢቆይ፣ እሳት ቢያነድድ፣ ቆጮ ሲፋቅ ቢያይ፣ ከብት ቢያግድ፣ ከማንኛውም የማጠናከሪያ ትምህርት ይበልጥበታል።

ሦስተኛ፣ ሽሮ ሜዳና ሌላም ቦታ ያላችሁ፣ ዕድር አላችሁ፣ ማኅበር አላችሁ። በወር አንድ እሑድ ልጆቹን ሰብስቡ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ተረት ይንገር። ወጪው ቡና ነው።

አራተኛ፣ ስልካችሁ ላይ ድምፅ መቅጃ አለ። የአያቶቻችሁን ምርቃት፣ ተረት፣ የዘር ቆጠራ፣ የዱቡሻ ንግግር ቅዱ። በቴሌግራም ለእህት ወንድሞቻችሁ የምትልኩትን የድምፅ መልእክት በጋሞትሶ አድርጉት፤ ልጆቹም ይስሙት።

አምስተኛ፣ ምስጢር ያላችሁ ወደ ጓዳ ግቡ። ጋሞትሶን ከልጅ መደበቂያ አታድርጉት።

ይህን ጽሑፍ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ልጃችሁን ጥሩና "ሳሮ" በሉት። ምን ብሎ እንደሚመልስላችሁ ስሙ። ዝም ብሎ ካያችሁ፣ ትምህርቱ ዛሬ ማታ ይጀመር።