ሐሰተኛው ፎቶ የትኛው ነው?

የምረቃ ወቅት ሲደርስ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ወዲያም እስከ አዲሱ ገበያ ባሉ ፎቶ ቤቶች መስኮት ላይ የማይቀር ምስል አለ። አንዲት ተመራቂ በአንድ ፎቶ ውስጥ አምስት ሆና ትታያለች። አንደኛዋ በጋዋን ቆማ፣ ሁለተኛዋ በሐበሻ ልብስ ተቀምጣ፣ ሦስተኛዋ ቆቧን ወደ ላይ ወርውራ፣ አራተኛዋ መጽሐፍ ገልጣ፤ አምስተኛዋ ደግሞ ፊቷ ብቻ ገዝፎ ከሰማይ ላይ ሆና የቀሩትን አራቱን ቁልቁል ታያለች። "ሥነ ጥበብ ይገባናል" የሚሉ ወገኖች ይህን ሲያዩ ከንፈራቸውን ይመጣሉ። ፎቶግራፍ ምስክር ነው፤ ምስክር ያላየውን አይናገርም፤ ስለዚህ አንዱን ሰው አምስት የሚያደርግ ፎቶ ሐሰተኛ ምስክር ነው ይላሉ።

ለመሆኑ ማንን አታለለ? እናት ያንን ፎቶ ሳሎን ግድግዳ ላይ ብትሰቅለው፣ የመጣ እንግዳ "አምስት ልጆች አስመረቁ?" ብሎ ይጠይቃል? ውሸት ውሸት የሚሆነው ሰሚው እውነት ነው ብሎ ሲቀበለው ነው። ይህ ፎቶ ግን "እኔ ተገጣጥሜ የተሠራሁ ነኝ" ብሎ በግንባሩ የጻፈ ነው። ባለቅኔ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲናገር አጭበረበረ አንለውም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በትንንሽ ክፍሎች የሚሥሉ ሠዓሊዎቻችንም ንግሥቲቱን ደጋግመው ያመጧታል፤ ለጉዞ ስትነሣ፣ ከሰሎሞን ማዕድ ስትቀርብ፣ ልጇን ምኒልክን ስትወልድ። ስንት ንግሥት ነበረች ብሎ የተከራከረ የለም። ዓይናችን ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም።

ዘዴውንም ኮምፒዩተር አልወለደውም። በፊልም ዘመን ፎቶ አንሺው ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያደላድልና የሌንሱን ግማሽ በጥቁር ካርቶን ጋርዶ ያነሣል። ከዚያ ፊልሙን ሳያዞር፣ ካሜራውንም ሳያነቃንቅ ሰውየውን ወደ ሌላው ወገን አሻግሮ፣ ካርቶኑንም አዛውሮ ይደግማል። ሰውየው ከራሱ ጋር ይጨባበጣል። በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ኦስካር ሬይላንደር እ.ኤ.አ. በ1857 ከ30 በላይ ኔጌቲቮች አጋጥሞ አንድ ትልቅ ፎቶ ባወጣ ጊዜም የዛሬው ዓይነት ሙግት ተነሥቶ ነበር። ሙግቱ ከ160 ዓመት በላይ ያስቆጠረ አሮጌ ሙግት ነው ማለት ነው።

ወደ ናይጄሪያ ደግሞ እንሻገር። በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ ከመንታ ልጆች አንዱ ሲሞት፣ በሕይወት ያለውን ልጅ ብቻ አንሥተው በአንድ ወረቀት ላይ ሁለት ጊዜ የሚያትሙ ፎቶ አንሺዎች እንደነበሩ ስቲቨን ስፕራግ የተባለ አጥኚ እ.ኤ.አ. በ1978 ጽፏል። መንታዎቹ ወንድና ሴት ከነበሩ ሕፃኑ አንድ ጊዜ የወንድ፣ አንድ ጊዜ የሴት ልብስ ይለብሳል። የሞተው እንደሞተ ቤተሰቡ ያውቃል። ፎቶው የሚያሳያቸው የጎደለውን ነው።

እንግዲህ ሐሰተኛው የቱ ነው? ሐሰተኛው ያ ሥርዓት ያለው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚታይበት፣ ማንም የማይጠረጥረው ጉርድ ፎቶ ሊሆን ይችላል። ሳይጠየቅ ፊቷን ያቀላው፣ ከግንባሯ ጠባሳውን፣ ከአንገቷ ንቅሳቱን የጠረገው፣ ልጇ ሳትወለድ የሞተውን አባት አምጥቶ ከልጂቱ ጎን ያቆመውና ምንም ያላለው! ዛሬ ልጂቱ ታውቃለች። ከ40 ዓመት በኋላ አልበሙን የምትገልጠው የልጅ ልጅ ግን በምን ታውቃለች? ያችኛዋ ተመራቂ አምስት መሆኗ ያስቃት ይሆናል፤ ይህኛው ግን ዘር ማንዘሯን አሳስቶ ያስተምራታል።

"ሁለቱንም የሚሠራው ያው እጅ፣ ያው ኮምፒዩተር ነው፤ አንዱ ሌላውን ያለማምዳል" የሚል መልስ ይሰነዘር ይሆናል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ቢላዋም ሽንኩርትም ጣትም ይቆርጣል፤ ቢላዋውን ከቤት አናወጣም። ከምረቃ ፎቶዎቹ ብዙዎቹ አስቀያሚ መሆናቸውንም አልክድም። የአንደኛዋ ጥላ ወደ ግራ፣ የሁለተኛዋ ወደ ቀኝ ይወድቃል፤ ሦስተኛዋ መሬት ሳትረግጥ ትንሳፈፋለች። ይህ ግን የሙያ ጉድለት ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥ የተነሣ ፎቶ ይህን ሁሉ አያመጣም።

ስለዚህ ደንበኛ ሆይ፣ ጥያቄህን አስተካክል። ፎቶ ቤቱን "ለምን አምስት አደረግኸኝ?" አትበለው። "ያልተነካውን ስጠኝ" በለው። አምስቱ የተገጣጠሙባቸው አምስት ፎቶዎች እንደተነሡ ይሰጡህ፤ ካርዱ ለሚቀጥለው ደንበኛ ሲጸዳ አብረው ይጠፋሉና። ከሞተ ሰው ጋር ያጣመሩህ እንደሆነ ከጀርባው "የተጣመረ" ብለህ ከነዓመቱ ጻፍበት። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን፣ ከእሱም በኋላ ልጆቹ በዚህች ከተማ ፎቶ ሲያነሡ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው "ቪንቴጅ አዲስ አበባ" የተባለው መጽሐፍም ያለፈውን የከተማችንን ኑሮ ያሳየን ከየቤተሰቡ አልበም በተለቀሙ ፎቶዎች ነው። የነገውም መጽሐፍ የሚለቀመው ዛሬ ከፎቶ ቤት ከምትቀበለው ፖስታ ነው።

ፖስታው ውስጥ የቀላው ፊት ብቻ ካለ፣ የልጅ ልጆችህ የማን ፊት እንደወረሱ አያውቁም።