ሽቦ ነው ወይስ ወርቅ? የእቁቡ ብርና የስፒከሩ ገመድ

በዚህ አምድ ብዙ ጊዜ የምንመካከረው ስለ ቅናት፣ ስለ ኩርፊያ፣ ስለ አከራይና ተከራይ ጣጣ ነው። የዛሬው ግን ለየት ይላል። ፍቅርም አለበት፣ እቁብም አለበት፣ ሽቦም አለበት። በተለይ ቤታችሁ ውስጥ ከሞባይል ድምፅ የተሻለ ነገር ለመስማት የምትፈልጉ ወጣቶች እስከ መጨረሻው አንብቡት። በመጀመሪያ ደብዳቤውን እንይ።

«እኔ የ25 ዓመት ወጣት ነኝ። ከእጮኛዬ ጋር ሆነን እቁብ ከገባን ቆይተናል። ሐሳባችን ዕጣው ሲወጣልን አልጋና ቁም ሣጥን ገዝተን በጥር ለመጋባት ነው። እሱ ሙዚቃ ነፍሱ ነው። ምናለሽ ተራ ተመላልሶ ሁለት ትልልቅ የጣውላ ሣጥን ያላቸው አሮጌ ስፒከሮችና አንድ አምፕሊፋየር በርካሽ ገዛ፤ አሠርቶም አስነሳቸው። እስከዚህ ድረስ አልተቃወምኩትም። ባለፈው ሰሞን ግን አንድ ሱቅ ገብቶ ‘ያለ ልዩ ገመድ ይኼ ስፒከር ዋጋ የለውም’ ብለውት መጣ። ያሳዩት ገመድ የአልጋችንን ግማሽ ዋጋ ያወጣል። ‘ሽቦ ሽቦ ነው፣ ምን ልዩነት አለው?’ ብለው ‘አንቺ ጆሮ የለሽም’ አለኝ። ይኸው ከተኳረፍን ሁለተኛ ሳምንታችን ነው። ዕጣው ደግሞ ደርሷል። እውነት ገመዱ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል? ወይስ እያታለሉት ነው? ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከጉለሌ።»

ውድ እህታችን፣ ዳኝነቱን ቶሎ እንስጥሽ። ሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዛችኋል። አንቺ «ሽቦ ሽቦ ነው» ያልሽው ሙሉ በሙሉ ልክ አይደለም፤ በጣም ቀጭን ሽቦ ድምፅ ያበላሻል። እሱም «ገመድ ያስፈልጋል» ማለቱ ትክክል ነው፤ የአልጋ ግማሽ ዋጋ ግን አያስፈልግም። ደግነቱ ሦስተኛ መንገድ አለ። ገመዱን ራሳችሁ ሥሩት! ጣጣ የለውም፤ አንድ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። አምፕሊፋየሩ ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ስፒከሩ ያንን ተቀብሎ ሸራውን ወደፊትና ወደኋላ ያንቀጠቅጣል። ሽቦው በመሀል እንደ ውኃ ቧንቧ ነው። ቧንቧው ከቀጠነና ከረዘመ ውኃው ይዳከማል። መዳብም እንደዚያው ነው፤ ሲቀጥንና ሲረዝም መቋቋሙ ይጨምራል። መቋቋሙ የሚለካው በኦም ነው። ከስፒከራችሁ ኋላ ብታዩ «8 ኦም» ወይም «4 ኦም» የሚል ጽሑፍ አታጡም። በሙያው የተለመደው መመሪያ የሽቦው መቋቋም ከስፒከሩ ኦም 5 በመቶ አይብለጥ የሚል ነው።

እስቲ እናስላው። ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ 4 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪክ ሄዶ ይመለሳልና መንገዱ 8 ሜትር ነው። ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ከሆነ መቋቋሙ 0.055 ኦም ገደማ ነው። ለባለ 8 ኦም ስፒከር ይህ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ባለ 1.5 ከሆነ 0.09 ኦም አካባቢ ነው፤ እሱም አንድ በመቶ ገደማ ነው። እንደ ክር የቀጠነውን ባለ 0.5 ሽቦ ወስዳችሁ 10 ሜትር ብትዘረጉት ግን 0.7 ኦም ይጠጋል። ያ ለባለ 8 ኦም ስፒከር ከ8 በመቶ በላይ፣ ለባለ 4 ኦም ደግሞ 17 በመቶ ነው። ጉዳቱ ያኔ ነው የሚጀምረው። እንግዲህ ወሳኙ ውፍረትና ርዝመት ነው እንጂ የካርቶኑ ማማር አይደለም።

«ጆሮዬ ግን ይለያል» የሚል አይጠፋም። እሱም ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ ውድ የስፒከር ገመድ ገበያ ሲደራ፣ ከዚያ በፊት ብዙው ሰው ተራ የመብራት ገመድ ነበር የሚጠቀመው። እ.ኤ.አ. በ1983 ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት አድማጮችን ሰብስቦ፣ የትኛው ገመድ እንደተገጠመ ሳይነግር አስደመጣቸው። ውድ ገመድ ነበረ፣ 1.3 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ተራ የመብራት ገመድ ነበረ፣ እንደ ስልክ ሽቦ የቀጠነም ነበረ። ውጤቱ ምን ሆነ? ሙዚቃ ሲሰሙ ውዱንና ተራውን የመብራት ገመድ መለየት አልተቻለም። ሁለቱም ከቀጭኑ ግን የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ልብ አድርጉ፣ ሙከራው አንቺንም እሱንም ነው የመለሰው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ልኬት። ሲባጎ ያዙና ከአምፕሊፋየሩ ተነስታችሁ ግድግዳውን ተከትላችሁ እስከ ስፒከሩ ለኩ። በአየር ላይ አትለኩ፤ ገመድ በአየር አይሄድም። ለመጠባበቂያ አንድ ሜትር ጨምሩ። ለሁለቱም ስፒከሮች እኩል ርዝመት መቁረጥ ያምራል፤ ግን አንዱ አንድ ሜትር ቢያንስ ጆሮ አያውቀውም።

ሁለተኛ ግዢ። ለተራ ክፍልና ለባለ 8 ኦም ስፒከር ባለ 1.5 ይበቃል። ስፒከሩ 4 ኦም ከሆነ ወይም ክፍሉ ከረዘመ 2.5 ግዙ። ውስጡ አንድ ደረቅ ዘንግ ሳይሆን ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉበትን ተጣጣፊ ሽቦ ምረጡ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አይደል የሚባለው! ክሮቹ አንድ ላይ ሆነው የወፍራሙን ያህል ያሳልፋሉ፤ ሲታጠፉም ቶሎ አይሰበሩም። ቀለሙ ቀይና ጥቁር ቢሆን ሥራችሁን ያቀልላችኋል።

እዚህ ላይ ግን ዓይናችሁን ግለጡ! ገበያ ላይ ከላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ ግን አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ አለ። ሲያዩት ያው ቀይ ነው። መቋቋሙ ግን ከንጹሕ መዳብ አንድ ተኩል ጊዜ ይበልጣል፤ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። እንዴት ይለያል? አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው። በእጅ ሲመዘንም ይቀላል። ባለ ሱቁን «ይቅርታ፣ ጫፉን ልፋቀው?» ማለት ነውር አይደለም። የእቁብ ብር ነው!

ሦስተኛ ማሳመር። አንባቢያችን፣ እዚህ ጋ ያንቺ እጅ ከእሱ ይበልጣል። ሹሩባ መጎንጎን የሚችል ሰው ገመድ መጎንጎን አያቅተውም። ባለ 0.75 ሽቦ፣ ሁለት ቀይና ሁለት ጥቁር ውሰጂ። አራቱን ጫፍ በር እጀታ ላይ አስሪና እኩል አጥብቀሽ ጎንጉኚ። መጨረሻ ላይ ሁለቱ ቀይ አንድ ላይ፣ ሁለቱ ጥቁር አንድ ላይ ይጠመዘዛሉ፤ እያንዳንዱ ወገን ድምሩ 1.5 ይሆናል። ሲጎነጎን ስለሚያጥር ከለካችሁት ሩብ ያህል አስረዝማችሁ ቁረጡ። መጎንጎን ካሰለቻችሁ ቀይና ጥቁሩን እንደ ፈትል እርስ በርሳቸው መጠምዘዝም ይቻላል። ይህ ሁሉ ለዓይን ነው፤ ገመዱ መሬት ለመሬት እንዳይዝረከረክ። ድምፁ በዚህ ይለወጣል ብሎ የሚምል ቢመጣ ሳቁና እለፉት።

አራተኛ ጫፉ። ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። ላስቲኩን ከ10 እስከ 12 ሚሊሜትር ያህል ላጡ፤ ስትልጡ ክሮቹን እንዳትቆርጡ። ከዚያ ክሮቹን በጣታችሁ አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። አንዲት ክር እንኳ ወጣ ብላ ከጎኗ ካለው ጋር እንዳትነካካ! አምፕሊፋየር በእንዲህ ዓይነቷ አንዲት ፀጉር በምታክል ክር ሊቃጠል ይችላል። በብሎን የሚጠብቀውን ጫፍ ሶልደር አትቀቡት። ሶልደር ለስላሳ ነው፤ ብሎኑ ሲጫነው ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ ገመዱም ይላላል። ባዶው መዳብ ራሱ ይሻላል።

ቀይና ጥቁሩ የሚለያዩበትን ቦታ በናስትሮ ማሰር ይቻላል። ናስትሮ ግን በሙቀት ጊዜ ይላቀቅና ሙጫው እጅ ላይ ይቀራል። ሙቀት ሲነካው የሚኮማተረው የላስቲክ ቱቦ ካገኛችሁ የተሻለ ያምራል። ቱቦውን ጫፉን ከመግጠማችሁ በፊት ገመዱ ውስጥ አስገቡት፤ ከገጠማችሁ በኋላ አይገባም።

አሁን ደግሞ ጨዋታውን ትተን ስለ አደጋ እናውራ። ባናና ፕላግ የሚባል፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነ ክብ ጫፍ አለ። ለአምፕሊፋየር በጣም ይመቻል። ችግሩ የእኛ ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ ያለው መሆኑ ነው፤ ባናናው ዘው ብሎ ይገባበታል። ሁለቱ ተጣምረው የሚሸጡትማ በመካከላቸው ያለው ርቀት 19 ሚሊሜትር ስለሆነ ልክ ለሶኬቱ የተሠሩ ነው የሚመስሉት። አንድ ሕፃን ገመዱን ነቅሎ ግድግዳው ላይ ሰካው ማለት 220 ቮልት ስፒከሩ ውስጥ ገባ፣ ሌላው ጫፍ ክፍት ከሆነም እጁ ላይ ደረሰ ማለት ነው። ልጅ በሚገባበት ቤት ባናናውን ተዉትና ባዶውን ጫፍ በብሎን አጥብቁት፤ ወይም ሹካ የሚመስለውን ጫፍ ተጠቀሙ። የመብራት ሶኬት ጫፍ ስፒከር ገመድ ላይ መግጠም ደግሞ በጭራሽ አይደረግም!

አምስተኛ ፍተሻ። ከመግጠማችሁ በፊት የመብራት ሠራተኛ የሚይዘውን መለኪያ ተዋሱ። ቀይ ከቀይ ጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት አለበት፤ ቀይ ከጥቁር ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ከዚያ አምፕሊፋየሩን አጥፉና ከግድግዳው ንቀሉ። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር ግጠሙ። በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ አንዱ ሸራ ወደፊት ሲገፋ ሌላው ወደኋላ ይስባል። ያኔ የቤዝ ጊታሩ ድምፅ ይሰልላል፤ ዘፋኙም በሁለቱ ስፒከሮች መሀል ቆሞ የሚዘፍን መምሰሉ ይቀራል። «ስፒከሬ ደክሟል» እያለ የሚያማርር ሰው ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል። የተገዛው አሮጌ ስፒከር ቀለሙ ከለቀቀና ካጠራጠራችሁ ከአምፕሊፋየሩ ነጥላችሁ በተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ንኩት። ትልቁ ሸራ ወደ ውጭ ብቅ ካለ የባትሪው አናት የነካው ጫፍ ቀዩ ነው።

መጨረሻ ላይ ገመዱን በበር ማጠፊያ ሥር አታሳልፉት፤ የወንበር እግርም አይረፍበት። ከመብራት ገመድ ጋርም አብሮ ባይታሰር ይመረጣል።

ወደ እናንተ ኩርፊያ እንመለስ። ወንድሜ፣ ይህን አምድ ካነበብክ አንድ ነገር ልንገርህ። «ጆሮ የለሽም» ያልከው ከገመዱ ዋጋ ይበልጣል። እቁቡን የጣላችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ስለዚህ የሚወጣውም በሁለታችሁ ስምምነት ነው። ስለ ገመድ የጠየቀችህ ጆሮ ስለሌላት አይደለም፤ የጥርን ወር ስለምታስብ ነው። አንድ ቃል ይበቃሃል፣ ይቅርታ በላት።

አንቺም እህቴ፣ ሙዚቃውን እንደ ጠላት አትይው። ለትዳራችሁ የሚያስፈራው ስፒከር መውደዱ አይደለም። የሚያስፈራው ሳይመካከር መወሰን ከለመደ ነው። ስለዚህ ከዕጣው በፊት ቁጭ በሉና ከአልጋውና ከቁም ሣጥኑ ለይታችሁ ለሱ ደስታም ለአንቺ ደስታም እኩል ትንሽ ብር መድቡ። የሱ ድርሻ ሽቦውን ገዝቶ ይተርፈዋል። ያንቺን ደግሞ ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቅሽ። ገመዱን አብራችሁ ጎንጉኑት፤ እሱ ይላጥ፣ አንቺ ጎንጉኚ። እንዲያ እየሠሩ ተኮራርፎ መቆየት ይከብዳል።

ለሌሎቻችሁም ያው ነው። ሱቅ ገብታችሁ «ያለዚህ አይሆንም» ሲሏችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ውፍረቱ ስንት ነው? ውስጡ ምንድነው? ሳላይ ብሰማው እለየዋለሁ? መልስ ካጣችሁ ብራችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ። የልባችሁን ጻፉልን፤ ስማችሁን አናወጣም።