የሱቅ ዕቃ ጡረታ ይሆናልን?

በአንድ ሱቅ ውስጥ ከሚሠሩት ሁለት ወጣቶች፣ ከባለቤቱና ከተቀጣሪው፣ ለእርጅናው አስቀድሞ የታሰበለት ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ ብዙ ሰው ባለቤቱ ነው ይል ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ባለ ሱቁ በየወሩ ከሠራተኛው ደመወዝ ከመቶ 7 ይቀንሳል፤ ከራሱም ገንዘብ ከመቶ 11 ጨምሮ ለጡረታ ያስገባል። የመንግሥት ሠራተኛ ከ1950ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የነበረውን መብት የግል ድርጅት ሠራተኛ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ለሠራተኛው ይህን የሚከፍለው ነጋዴ ስለ ራሱ እርጅና ግን አንዲት ሳንቲም ሳያስቀምጥ ዓመታት ያልፋሉ።

ምክንያቱን የጠየቀው ሰው ቢኖር «ጡረታዬ ሱቄ ነው» የሚል መልስ ያገኛል። ይህ አነጋገር ሲሰሙት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በመደርደሪያ ላይ ያለ ዕቃ ሲሸጥ ብቻ ገንዘብ የሚሆን፣ ፋሽኑ ሲያልፍ የሚረክስ፣ ከፊሉም በዱቤ የመጣ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የብዙ ዘመን ድካም በአንድ ሌሊት ሊጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። ዕቁብም ቢሆን የደረሰው ገንዘብ ተመልሶ ዕቃ ይሆናል፤ እድር ደግሞ የሚያስበው ለቀብር ነው እንጂ ከቀብር በፊት ላሉት ሃያ ዓመታት አይደለም።

የጊዜን ዋጋ ነጋዴ በቀላሉ በሒሳብ ያየዋል። በ25 ዓመቱ የጀመረ ወጣት በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ቢያስቀምጥና ወለዱን ሳይነካ በዓመት ከመቶ 7 ቢታሰብለት፣ በ60 ዓመቱ ወደ 1,659,000 ብር ይኖረዋል። በ40 ዓመቱ የጀመረው ወደዚሁ ድምር ለመድረስ በወር ከ3,370 ብር በላይ ማስቀመጥ ይገደዳል።

«ብሩስ ዋጋውን ይጠብቃልን?» የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም፤ በተለይም አስመጪዎች ያውቁታል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጥቷል። ስለዚህ ቁጠባውን ሁሉ በባንክ ደብተር ማኖር አይበቃም። ከፊሉ በአክሲዮን፣ ከፊሉም በሚከራይ ቤት ቢሆን ይሻላል፤ በጥር 2017 ዓ.ም. የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ መከፈቱም ለዚህ አንድ በር ነው። ነገር ግን የግለሰብ ነጋዴ ዕዳ ከሱቁ አልፎ ቤቱንም ሊነካ ይችላልና፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የፈቀደውን ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም ሊታሰብበት ይገባል።

ወጣቱ ነጋዴ ለሠራተኛው የሚያደርገውን ለራሱም ቢያደርግ አዲስ ዘዴ መፈለግ አያስፈልገውም። በመጀመሪያ ለራሱ የወር ደመወዝ ይቁረጥ፤ 20,000 ብር ከሆነ፣ ከመቶ 18 ሲታሰብ 3,600 ብር ይሆናል። የሠራተኞቹን መዋጮ በሚያስገባበት ቀን ይህንኑ ከንግዱ ሒሳብ አውጥቶ ወደ ሌላ ሒሳብ ያሻግር። ዕቃው ወደብ ላይ በዘገየበት ወር ገንዘቡን ቀንሶ ያስገባ ይሆናል፤ ያን ሒሳብ ግን ለቀረጥ መክፈያ አይንካው።