የተማሪ ቤት የአትክልት ቦታ

ቆቦ ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተ ምዕራቧ ደጋው፥ በስተ ምሥራቋ የዞብል ተራራ ይታያል፤ በመካከሉ የራያ ሜዳ ተዘርግቷል። አፈሩ መልካም ነው፤ ዝናቡ ግን አንድ ዓመት ይመጣል፥ አንድ ዓመት ይቀራል። ስለዚህ በዚህ አገር የተወለደ ልጅ ስለ አፈርና ስለ ውኃ ስለ ዘርም አጥብቆ ሊያውቅ ይገባዋል። እኔ የምለው ይህ ነው፤ በየተማሪ ቤቱ አጠገብ ትንሽ የአትክልት ቦታ ይኑር፤ ያም ቦታ እንደ አንድ ክፍል ተቈጥሮ ትምህርት ይሰጥበት።

አንዳንድ አባት ግን፥ «ልጄን ወደ ተማሪ ቤት የሰደድሁት ከዶማ እንዲያርፍ ነው፤ ዶማማ በቤቴም አለ» ይላል። ይህ ነገር የሚናቅ አይደለም፤ የእርሻን ድካም ያውቃልና ልጁ እንዳይደክም ይመኛል። ዳሩ ግን በአባቱ እርሻ የሚሠራ ልጅ «ይህ ስለ ምን ሆነ?» ብሎ ለመመርመር ጊዜ የለውም። ቤተ ሰቡ የሚበላው ከዚያ ነውና መሳሳት አይፈቀድለትም። በተማሪ ቤት ግን ሁለት መደብ ጎን ለጎን ያበጃል። በአንዱ ፍግ ይጨምራል፥ ሁለተኛውን እንዲሁ ይተወዋል፤ በሁለቱም አንድ ዐይነት ዘር በእኩል ቍጥር ይዘራል። በየሳምንቱም የበቀለውን ቈጥሮ፥ ቁመቱን ለክቶ በደብተሩ ይጽፋል። ቢሳሳት የሚራብ ሰው የለም፤ ከስሕተቱም ይማራል። ለአባቱ እርሻ የሚጠቅመውን ነገር በዚህ ፈትኖ ሊያገኝ ይችላል።

ምሳሌ ልንገራችሁ። በማሽላ መካከል አቀንጭራ የሚባል ሐምራዊ አበባ ያለው አረም ይበቅላል። ለሚያየው ያማረ ነው፤ ሥራው ግን የሌባ ሥራ ነው። ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሲሆን በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ተኝቶ ሊቈይ ይችላል። የማሽላ ሥር በቀረበው ጊዜ ከሥሩ የሚወጣው ፈሳሽ ያነቃዋል። ያን ጊዜ በቅሎ ከማሽላው ሥር ይጣበቅና ውኃውንና ምግቡን ይመጥጣል። አረሙ ገና ከመሬት በላይ ሳይታይ ማሽላው መጠውለግ ይጀምራል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ ቢጽፉት ቶሎ ይረሳል። ልጁ ግን ማሽላውንና አቀንጭራውን አንድ ላይ ቈፍሮ፥ አፈሩን በውኃ አጥቦ፥ ሁለቱ ሥሮች ተያይዘው ቢያይ አይረሳውም። አቀንጭራ አበባው ሳያፈራ መነቀል እንዳለበት፥ ማሽላንም በየዓመቱ ባንድ ቦታ መዝራት ጕዳት እንደ ሆነ በዐይኑ ይረዳል።

ይህ አረም ትልቅ ሰውን ያደከመ ጥያቄ ነው። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በወለንኮሚ በሣር ቤት ያደጉ የድሀ ልጅ ናቸው። በጅማ የእርሻ ተማሪ ቤት ተማሩ፤ ኋላም ወደ አሜሪካ ሄደው ብዙ ዘመን ደክመው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አስገኙ። ስለዚህም በአውሮፓ አቈጣጠር በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው። እንግዲህ ማሽላን መመርመር የተማረ ሰውን የሚያዋርድ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛም፥ በአትክልቱ ቦታ የሚያስተምር የተማሪ ቤቱ መምህር ብቻ አይሁን፤ የመንደሩ ሽማግሎችና እናቶችም ይምጡ። የማሽላ ዛላ መርጠው ከምድጃ በላይ ሰቅለው፥ ነቀዝ እንዳይበላው በጢስ የሚጠብቁ እነርሱ ናቸው። በወሎ «ወተት በጉንጬ» የሚባል የማሽላ ዐይነት አለ፤ እሸቱ ተጠብሶ ሲበላ እንደ ወተት ይጣፍጣልና ስሙ ከዚያ መጣ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1973 የአሜሪካ ሊቃውንት ከዓለም የተሰበሰበውን ማሽላ ሲመረምሩ፥ ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት ዐይነቶች ላይሲን የሚባለው ሰውነትን የሚገነባ ነገር ከሌላው ማሽላ አብልጦ እንዳላቸው አስታወቁ። የወሎ ገበሬ ግን ከዚያ አስቀድሞ በምላሱ ለይቶ፥ ስም አውጥቶ፥ ዘሩን ጠብቆ አቈይቶት ነበር።

ይህ ዕውቀት ሊጠፋ እንደሚችል አስቡ። በ1966 ዓ.ም. እና በ1977 ዓ.ም. በወሎ ብርቱ ረኃብ ሆኖ ነበር። በረኃብ ጊዜ ሰው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ሳይቀር ይበላል። ዘሩ ሲጠፋ ስሙም ይጠፋል፤ ስሙን የሚያውቁት ሽማግሎችም ያልፋሉ። ስለዚህ የተማሪ ቤቱ መደብ የአገሩን ዘር በየዐይነቱ ቢዘራና ልጆች ስሙን ከሽማግሎች ጠይቀው ቢጽፉት፥ ለመንደሩ እንደ ጎተራ ይሆናል።

ሦስተኛም፥ አትክልት ውኃ ማካፈልን ያስተምራል። ሆርማትና ጎሊና በክረምት የደጋውን ጎርፍ ይዘው ይወርዳሉ፤ ገበሬውም ጎርፉን ጠልፎ ወደ እርሻው ይመራዋል። በላይ ያለው ሁሉን ቢያስቀር በታች ያለው ይደርቅበታል፤ ስለዚህ ተራ መጠበቅ ግድ ነው። በአትክልቱም ቦታ እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን ውኃ ቢያመላልስ ይታክታል፤ ሁሉ አንድ አንድ ጣሳ ቢያመጣ ግን መደቡ ይረካል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» የሚባለው ስለዚህ ነው።

«ቦታችን ጠባብ ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። ሜንዴል የሚባል መምህር ብርኖ በምትባል የአውሮፓ ከተማ በገዳም ይኖር ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1856 እስከ 1863 ድረስ በገዳሙ ትንሽ የአትክልት ቦታ አተር እየዘራ፥ አበባውንና ፍሬውን እየለየ ቈጠረ። የወላጆች መልክ ወደ ልጆች እንዴት እንደሚተላለፍ የሚያስረዳው ትምህርት መሠረቱ የተጣለው በዚያ ነው። ቦታው ጠባብ ነበር፤ የሰውየው ትጋት ግን ሰፊ ነበር።

አሁን ለታላላቆችም አንድ ነገር መናገር ይገባኛል። ያረፈደ ልጅ ወይም ጥናቱን ያላወቀ ልጅ «ሂድ፥ መደቡን ኰትኵት» ተብሎ የሚቀጣ ከሆነ፥ አትክልቱ ቦታ እስር ቤት ይሆናል። እንዲህ የተቀጣ ልጅ ዶማን ዕድሜውን ሁሉ ይጠላል። ደግሞም ልጆች የደከሙበት ሽንኩርትና ቲማቲም ወዴት እንደ ሄደ ሳያውቁ ቢቀር፥ የሚማሩት እርሻን ሳይሆን መበደልን ነው። ስለዚህ ምርቱ በፊታቸው ይመዘን፥ በደብተር ይጻፍ፤ ለዘር የሚሆነው ተለይቶ፥ የቀረው ለልጆቹ ይከፈል። በእውነት የተሰበሰበ አንድ ቍና በሐሰት ከተሰበሰበ አንድ ጎተራ ይበልጣል።

ልጆች ሆይ፥ ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ እናታችሁን ወይም አያታችሁን፥ «ይህ ማሽላ ስሙ ማን ነው? ከሌላውስ በምን ይለያል?» ብላችሁ ጠይቁ። የነገሯችሁን ጻፉ። ከዘሩም ጥቂት ፍሬ ለምናችሁ ወደ ተማሪ ቤት አምጡ። የአትክልት ቦታ የሚጀመረው በዚህ ነው።